የእትዬ ስንዱ ጋዝ ሰው አይጠብቅም

ቴምፕል ሰፈር ይኖሩ የነበሩት ዶክተር ስንዱ፣ እኛ በካናዳ፣ በካልጋሪ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ የምንኖር ሐበሾች እትዬ ስንዱ የምንላቸው፣ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ያረፉት በቤታቸው፣ በእንቅልፋቸው ነው። ለሞት ያበቃቸው ልባቸው ነው። ጨረር አይደለም። ይህንን ከሐዘኑ አስቀድሜ የምጽፈው መርዶው ተነግሮ ሳያልቅ «ያው ያ ነገር ነው አይደል?» እያሉ የደወሉልኝ ሰዎች ስላሉ ነው። ያ ነገር አይደለም። የልብ ሕመም ላቦራቶሪ ረግጦ የማያውቀውንም ሰው ይገድላል። የደወላችሁልኝ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ስማችሁን አልጽፍም፤ እሳቸው ቢኖሩ አይፈቅዱልኝም ነበር።

እኔ ብሩክ እባላለሁ። እትዬ ስንዱ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ላቦራቶሪ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። አለቃዬም አስተማሪዬም ነበሩ። ልጄንም ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው። የክርስትናው ዕለት ከሁላችንም ቀድመው ደርሰው የቤተ ክርስቲያኑ በር ገና ስላልተከፈተ ደጃፉ ላይ በረዶ ሲጠርጉ አገኘናቸው። ስለ እሳቸው የማወራው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ይመጣል፤ እሳቸው ደርሰዋል፣ እኛ የለንም።

ሥራቸው ምን ነበር እያሉ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ በአጭሩ መልሼ አላውቅም። ዛሬ ልሞክር። ቅጠል አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስብና በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራበታል። ይህን በልጅነታችን ተምረናል። ነገር ግን ያ ስኳር ከቅጠሉ ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል? ለሥሩ ስንት ይደርሰዋል፣ ለፍሬውስ? ተክሉ ውኃ ሲጠማው ለማን ያዳላል? ይህን ለማወቅ ካርቦኑ በሄደበት ሁሉ እንዲታወቅ ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክቱም ጨረር ነው። ላቦራቶሪያችን ያለበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ሳይክሎትሮን የሚባል ትልቅ ማሽን አለ። ካርቦን አሥራ አንድ የሚባለው ጨረር አመንጪ ካርቦን እዚያ ይሠራና በጋዝ መልክ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይላክልናል። ችግሩ ጋዙ ብቻውን አይመጣም። እርጥበትና ቅጠል የሚጎዳ ሌላ ጋዝ አስከትሎ ይመጣል።

እትዬ ስንዱ የሚያጠሩት ይህንን ነበር። መጀመሪያ ቆሻሻውን ይዞ በሚያስቀር ቱቦ ያሳልፉታል። ቀጥለው ፈሳሽ አርጎን ውስጥ በተነከረ ጥምዝምዝ ቱቦ ይሰዱታል። ፈሳሽ አርጎን ከካልጋሪ ጥር የባሰ ቅዝቃዜ ያለው፣ እኔ የማውቀው ብቸኛ ነገር ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እዚያ ሲደርስ በርዶ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ሌላው አልፎ ይሄዳል። ከዚያ ቱቦውን ለስለስ አድርገው ያሞቁትና ንጹሑን ጋዝ ለገብሱ ቅጠል ያቀርቡለታል።

«ያቀርቡለታል» ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። እሳቸው ይህን ሥራ እንደ መስተንግዶ ነበር የሚያዩት። «እንግዳ ሳይመጣ ቤት ይጠረጋል፤ ጋዝ ሳይመጣ ቱቦ ይጠረጋል» ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጣ ፈረንጅ ተመራማሪ ቱቦውን ሳያጸዳ ጋዙን ለቀቀው። እትዬ ስንዱ ሥራውን አስቁመው ገብሱ ዘንድ ጎንበስ አሉና በአማርኛ «ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ልጁ አሳዳጊ የበደለው ነው» አሏት። ፈረንጁ ምን እንዳሉ ሲጠይቀኝ የቅጠሉን ሙቀት እያዩ ነው አልኩት። በታላቅ አክብሮት ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ካርቦን አሥራ አንድ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ሃያ ደቂቃ በቆየ ቁጥር ግማሹ ይጠፋል። ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ጊዜ፣ ጨረሩን ረጭቶ ሌላ ነገር ይሆናል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግማሹ፣ ከሌላ ሃያ ደቂቃ በኋላ የግማሹ ግማሽ፣ እንዲህ እያለ ያልቃል። ስለዚህ ጋዙ ከምድር ቤት ተነሣ ከተባለ እትዬ ስንዱ ሌላ ሰው ናቸው። እኚያ አጭር፣ ቀሚሳቸው ላይ ነጭ ጋውን የደረቡ ሴት በኮሪደሩ ሲመጡ ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ሰላምታ የለም። እኔ ያገራቸው ልጅ ነኝ ብዬ፣ ገና አዲስ በነበርኩ ጊዜ «እንደምን አደሩ፣ ደህና ነዎት፣ ልጆች…» ስል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ብሩኬ፣ አንተ የእናትህን ጤና ነግረኸኝ እስክትጨርስ ጋዜ ያልቃል። ሰላምታ ከሥራ በኋላ!» በእርግጥም ከሥራ በኋላ ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ የእናቴን፣ የእኅቴንና የጎረቤታችንን ጤና አንድ በአንድ ጠየቁኝ።

እንግዲህ እኝህ ሴት የወደቁት በማን መካከል ነው? በእኛ መካከል።

ማኅበር ስምንት ሰዓት ነው ከተባለ እትዬ ስንዱ ስምንት ሰዓት ላይ በር ያንኳኳሉ። ባለተራዋ ፎጣ ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ ትከፍታለች። «ውይ እትዬ ስንዱ! መጡ እንዴ?» ትላለች። እሳቸው መምጣታቸውን አይክዱም። ሳሎኑ ገና ቫኪዩም እየተደረገ ስለሆነ ወደ ማዕድ ቤት ይመራሉ፤ ማዕድ ቤት ባዶ እጅ መቀመጥ ደግሞ ነውር ነውና ቢላዋ ይሰጣቸዋል። በማርቲንዴል፣ በዋይትሆርንና በቴምፕል በእነዚያ ዓመታት የተበላ የማኅበር ወጥ ሁሉ ሽንኩርቱ በሳይንቲስት እጅ የተከተፈ ነው። እንደ ላቦራቶሪያቸው እኩል እኩል አድርገው ነው የሚከትፉት። እኛ ከሁለት ሰዓት በኋላ «ፓርኪንግ አጥተን ነው» እያልን ስንገባ ዓይናቸው ቀልቶ፣ እጃቸው ሸትቶ፣ ተቆጥተው ይጠብቁናል። «ወይ ወገኖቼ! እናንተን የጠበቀና ዝናብ ያልዘነበለት ገበሬ አንድ ነው» ይላሉ። ከዚያ ይስቃሉ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ በሰዓቱ ይመጣሉ።

ነገሩ የተበላሸው በአንዲት ባጅ ነው። እኛ ላቦራቶሪ የምንሠራ ሰዎች ደረታችን ላይ የምናደርጋት ትንሽ ባጅ አለች። አንድ እሁድ እትዬ ስንዱ ሳያወልቋት ቤተ ክርስቲያን መጡ። ከጎናቸው የነበሩት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እትዬ ጥሩወርቅን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ዋይትሆርን ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚኖሩ፣ የማኅበራችን አለቃ፣ ያለ ማይክ አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ ያላቸው እናት ናቸው።

«ዶክተር፣ ይቺ ነገር ምንድን ናት?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

ሌላ ሰው ቢሆን የሥራ መታወቂያ ናት ብሎ ይገላገላል። እትዬ ስንዱ ግን መዋሸት አይችሉበትም። «ምን ያህል ጨረር እንደነካኝ የምትመዘግብ ናት» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታው ነገሩን አባሰው።

የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅ ሊዲያ በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቷ ክንዷን ይዘው ወደ ኋላ ረድፍ ወሰዷት። እናት ናቸውና አልፈርድባቸውም፤ ያኔ ግን ፈርጄባቸው ነበር። ቅዳሴው ሳያልቅ ወሬው ከሴቶች ወገን ወደ ወንዶች ወገን ተሻገረ።

እትዬ ስንዱ ለማኅበር ሁልጊዜ ድፎ ዳቦ ያመጣሉ። ኮባ ቢጠፋ ከቬትናሞች ሱቅ በገዙት የሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ነበር የሚጋግሩት። ከዚያ እሁድ ወዲህ ዳቦው መባረኩን ይባረካል፣ መቆረሱን ይቆረሳል፤ መበላቱ ግን ቀረ። «ለልጆች ልያዝላቸው» እየተባለ በናፕኪን ተጠቅልሎ ቦርሳ ይገባል። እትዬ ስንዱ ደስ ብሏቸው ሰነበቱ። የካልጋሪ ሕፃናት ዳቦ ወዳጅ ሆኑ ብለው የሚጋግሩትን መጠን ጨመሩ።

አንድ ቀን ከማኅበር ሲመለሱ ዋይትሆርን ጣቢያ ባቡር ሲጠብቁ፣ እነዚያ ጥቁርና ነጭ የሆኑት ጅራተ ረጃጅም ወፎች ከቆሻሻ መጣያው ናፕኪን እየጎተቱ ሲበሉ አዩ። ናፕኪኑ ውስጥ ያለው ዳቦ የእሳቸው ነበር። ሰኞ ላቦራቶሪ ሲገቡ ጋውናቸውን እየለበሱ «ብሩኬ፣ የዋይትሆርን ወፎች ዳቦዬን ወደውታል» አሉኝ። ከዚያም ንጹሕ የነበረውን ቱቦ አውጥተው ያጥቡ ጀመር።

በጣም አዘንኩ፤ ተናደድኩም። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም፤ ከማኅበሩ ሌላ የሚጋግሩለት ሰው አልነበራቸውም። «እኔ ልንገራቸው፤ አንድ በአንድ አሳፍራቸዋለሁ» አልኩ።

«የምታሳፍረው ሰው ዳቦ አይበላልህም» አሉኝ። «እኔ የምፈልገው እንዲያፍሩ አይደለም፤ እንዲበሉ ነው። መጥተው በዓይናቸው ይዩ።»

ስንት ደጅ ጠንተው፣ ስንት ፊርማ አስፈርመው፣ ለአንድ ቅዳሜ ማኅበርተኞቹ ላቦራቶሪውን እንዲጎበኙ አስፈቀዱ። ሳይክሎትሮኑም ለእሳቸው ሲባል ቅዳሜ እንዲሠራ ተለመነ። ዕቅዳቸው እንዲህ ነበር። ጠዋት በአራት ሰዓት እንግዶቹ ይመጣሉ። ጋዙ ሲገባ የጨረር መለኪያው ሲንጣጣ ይሰማሉ። ከዚያ እንዴት እንደሚጠራና እንደሚያዝ ያያሉ፤ መለኪያው በእሳቸው እጅና ልብስ ላይ ሲሆን ዝም እንደሚል ያያሉ፤ ያምናሉ። ከላቦራቶሪው ውጭ ቢሮ ውስጥ ሙሉ ድፎ ዳቦ አስቀምጠዋል። ካመኑ ሊቆርሱላቸው ነው። ካላመኑ ከማኅበሩ እንደሚወጡ ነግረውኛል። «ወፍ መመገብ ከሆነ መስኮቴ ላይ ሆኜም እመግባለሁ» ነበር ያሉት።

አራት ሰዓት ሆነ። ጋዙ መጣ። መለኪያው እንደ ፈንዲሻ ተንጣጣ። እንግዳ የለም።

ለእትዬ ጥሩወርቅ ደወልኩ። «መንገድ ላይ ነን! ደርሰናል!» አሉኝ፤ ከኋላቸው የመታጠቢያ ቤት ውኃ ሲፈስ ይሰማኛል። እትዬ ስንዱ ለገብሱ የሚገባውን ሰጡ፤ ለእንግዶቹ ያስቀሩት ጋዝ ቱቦው ውስጥ ተቀመጠ። «ግማሹ ሄደ» አሉ። ቆዩና «የግማሹ ግማሽ ሄደ» አሉ። እንደገና ደወልኩ። «ማርቲንዴል ራይድ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፣ እነሱን ፒክ አድርገን ነው!» እትዬ ስንዱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጋዝ እያለ ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። መለኪያው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አልፎ አልፎ ብቻ ቲክ ይል ጀመር። «ብሩኬ፣ ይሄ ጋዝ ሐበሻ አይደለም፤ ሰው አይጠብቅም» አሉ።

እንግዶቹ የደረሱት ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ ነው። ነጠላ ለብሰው፣ ቆሎና አምባሻ በከረጢት ይዘው፣ ሊጠይቁ የመጡት የታመመ ሰው ይመስል ነበር። ጥበቃው ምግብ አይገባም ቢላቸው እትዬ ጥሩወርቅ ለእሱም ዘግነው ሰጡት። ላቦራቶሪውን ከሚለየው መስተዋት ወዲህ ተሰልፈው ቆሙ።

«እሺ ዶክተር፣ ያ ነገር የታል?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«አልቋል» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ማን ወሰደው?»

«ማንም አልወሰደው። ራሱ አለቀ። ስትቆዩ፣ ስትቆዩ፣ አለቀ!» ቁጣቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው መለኪያውን አንሥተው ቱቦው ላይ አስጠጉት። ቲክ። ዝም። ግድግዳው ላይ አስጠጉት። ቲክ። ዝም። «ይኸው! ከግድግዳ አይለይም! አራት ሰዓት ስትባሉ አራት ሰዓት ብትመጡ እንደ ፈንዲሻ ሲንጣጣ ትሰሙት ነበር!»

እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን አነሡ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ። «ቆይ፣ ቆይ። ስንቆይ ያልቃል?»

«ያልቃል።»

«በቃ ያልቃል? ሳይታጠብ፣ ጠበል ሳይረጭ?»

«በሃያ በሃያ ደቂቃ በግማሽ እያለ።»

«እና ዓርብ ከሥራ ወጥተሽ እሁድ ዳቦ ስታመጪ…»

«ቅዳሜ ማለዳ እንኳ የለም።»

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ማኅበርተኞቹ ዞሩ። «ሰማችሁ? ስናረፍድ የሚያልቅ ነገር ነው! እኛን የሚነካን ምን አለው?»

በዚህ አነጋገር የማያምን ሐበሻ የለም። እኔ እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። በሰዓቱ መጥተው ያንን ንጣጣ ቢሰሙ ኖሮ እስከ ማርቲንዴል ድረስ በእግራቸው ይሮጡ ነበር፤ ዳቦውም እስከ ዛሬ የወፍ ነበር። እትዬ ስንዱን ያዳነቻቸው ዕድሜ ልካቸውን የተጣሏት ማርፈዳችን ናት።

ቢሮው ውስጥ ዳቦው ተቆረሰ። መለኪያው ዳቦው ላይም ተደረገ፤ ከግድግዳው አልተለየም። እትዬ ጥሩወርቅ የመጀመሪያዋን ቁራሽ አፋቸው ከተቱ። እትዬ ስንዱ ጋዝ ሲጠብቁ እንደሚያደርጉት እጃቸውን አጣምረው አፍ አፋቸውን ያያሉ።

«ጨው አንሶታል» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ እያኘኩ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ስንዱ ላቦራቶሪ የገቡት እየዘለሉ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ብሩኬ፣ ጨው አንሶታል አለችኝ! እስኪ አስበው፣ ጨው አንሶታል!» ያልበላ ሰው ስለ ጨው አያወራም። በቀጣዩ ወር ጨው ጨመሩ፤ በዛ ተባሉ፤ በዚህ ምክንያት ሁለቱ እናቶች እስከ መጨረሻው ሲጨቃጨቁ ኖሩ።

የሊዲያ ምጥ የመጣ ቀን ባሏ ሺፍት ላይ ነበር፤ እናቷ ገበያ ነበሩ፤ የተደወለለት ሰው ሁሉ «መንገድ ላይ ነኝ» አለ። ሊዲያ መጨረሻ ላይ እትዬ ስንዱ ጋ ደወለች። «እትዬ፣ ላይክ፣ አሁን ነው፣ ሲሪየስሊ አሁን ነው!» ስልኩን ሳትዘጋው በሩ ተንኳኳ ብላ ትምላለች። እኔ ትንሽ ተጋኗል እላለሁ፤ ሊዲያ ግን ልጇን ስንዱ ብላ ነው የጠራቻት። ትንሿ ስንዱ ትምህርት ቤት በየቀኑ ታረፍዳለች።

አሁን ወደ ቀብሩ ዕለት ልምጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ከዋዜማው ጀምረው ለሁሉም ደወሉ። «ጸሎቱ ሦስት ሰዓት ነው። ሦስት ማለት ሦስት ነው። ለእኔ ቀብር እንደልባችሁ አርፍዱ፤ ለስንዱ ያረፈደ ሰው ግን ዓይኔን እንዳያየው!» ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አደረ። ሆኖም ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ሞልቷል። ሺፍት የቀየረው ቀይሮ፣ ሥራ የቀረው ቀርቶ፣ ማርቲንዴል መጥቷል፣ ዋይትሆርን መጥቷል፣ ቴምፕል መጥቷል። ካህናቱ እንኳ ቀድመው ቆመዋል። በካልጋሪ የሐበሻ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ሦስት ሰዓት ሆነ። እትዬ ስንዱ የሉም። አስከሬናቸውን የያዘው መኪና በበረዶው ምክንያት ዲርፉት መንገድ ላይ ቆሟል ተባለ።

ምን እንደምናደርግ ጠፋን። ማስጠበቅ እንጂ መጠበቅ አናውቅበትም። አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ይወጣል ይገባል። አንድ ሰው «መንገድ ላይ ናቸው» ሲል ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብን። በመጨረሻ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ አዳራሹ ማዕድ ቤት ገቡና ለሐዘንተኛ ምሳ የተገዛውን የሽንኩርት ጆንያ ጎትተው አመጡ። «ቀድሞ የመጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ስንዱ አስተምራናለች። ቢላዋ ያዙ» አሉ።

ወንድ ሴት ሳይባል፣ ከረባት ያሰረውም ሳይቀር፣ ያን ሁሉ ሽንኩርት ከተፍን። እኩል እኩል አድርገን። ሁላችንም አለቀስን፤ ማንም ማንንም ለምን ታለቅሳለህ አላለም። መኪናው ደርሶ፣ ጸሎቱና ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ፣ ምሳው ላይ የተቆረሰው ድፎ ዳቦ እትዬ ጥሩወርቅ በሙዝ ቅጠል የጋገሩት ነበር። ናፕኪን ውስጥ የገባ ቁራሽ አላየሁም። ጨው አንሶት ነበር፤ የሚነግራቸው ሰው ግን የለም።

እትዬ ስንዱ፣ አንድ ቀን ሁላችንም በሰዓቱ ስንገኝ ማየት ይመኙ ነበር። ተገኝተን ነበር፤ ያረፈዱት እርስዎ ነዎት። አልተቀየምንዎትም። ስንት ዓመት የጠበቁንን ያህል አንድ ጠዋት ብንጠብቅዎት ምን አለበት? ዛሬ የሚያልቅ ጋዝ የለም፤ ማንም አያጣድፍዎትም፤ ሰላምታም በደንብ ይስጡ፣ የእናቴንም ጤና እዚያው ራሷን ይጠይቁልኝ። እንደልማድዎ እዚያም ከሁላችን ቀድመው ደርሰዋል። እኛ መንገድ ላይ ነን። ማርፈዳችን አይቀርም፤ ሽንኩርቱን እየከተፉ ይጠብቁን።